ፍጥነቱን እንገድብ ወይስ ሦስቷን ያርድ እንቀንስ? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሕግ ክርክር፣ ወገን ላልመረጠ

ኖቬምበር 5 ቀን 2011። የአላባማና የኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት) ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ቡድኖች ተስካሉሳ ላይ ተጋጠሙ። 9 ለ 6 አለቀ፣ ለዚያውም በጭማሪ። አንድም ተችዳውን (ኳሷን እስከ ሜዳው መጨረሻ አድርሶ ማስቆጠር) አልገባም። ነጥቡ ሁሉ በእግር ነው የመጣው። ስምንት ዓመት አለፈና ኖቬምበር 9 ቀን 2019 እነዚያው ሁለት ቡድኖች እዚያው ሜዳ ላይ ተገናኙ። 46 ለ 41። ሁለቱንም ያሸነፈው ኤል ኤስ ዩ ነው። ሁለቱንም ቀን የአላባማ አሰልጣኝ ሆኖ የቆመው ደግሞ ኒክ ሴባን ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በመሃሉ ምን መጣ? ተጫዋቾችን ሜዳው ሙሉ ዘርግቶ ማጫወት መጣ። ሳይሰበሰቡ፣ ሳይመካከሩ፣ ቶሎ ቶሎ ኳስ ማንሳት መጣ። ሩጫ ይሁን ውርወራ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት የማይለይ አጨዋወትም መጣ። ክርክሩም አብሮ ተከተለ። አጥቂው፣ ማለትም ኳሷን የያዘው ቡድን፣ በጣም አየለ፣ ለተከላካዩ ሕግ ይድረስለት የሚል አለ። ተዉት፣ መላውን ራሱ ይፈልግ የሚልም አለ።

ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ ቴሌቪዥኑን የማይለቅላችሁ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ፣ ይህ ክርክር ሳሎናችሁ መግባቱ አይቀርም። እኔ ጋ ከገባ ቆየ። ስለዚህ አማራጮቹን እንደገቡኝ ላስቀምጥ። የራሴ ወገን አለኝ፣ አልደብቅም።

ለአዲስ ተመልካች አንድ ሁለት ነገር። አጥቂው 10 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ለመሄድ 4 ሙከራ አለው። ከተሳካለት አዲስ 4 ሙከራ ያገኛል። አንዱ ሙከራ ሲያልቅ የ40 ሰከንድ መቁጠሪያ ይጀምራል፣ ከማለቁ በፊት ኳሷ መነሳት፣ ማለትም አዲሱ ሙከራ መጀመር፣ አለባት። ግን 40ውን ሰከንድ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሁሉም ከቆመና ኳሷ ከተቀመጠች በ15 ሰከንድም ማንሳት ይቻላል። ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሕግ ሲቀርብ እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዳኛው በዓይኑ አይቶ ሊፈርድበት ይችላል ወይ? ደግሞስ ሕጉ የአጥቂውን እግር ያስራል ወይስ ለተከላካዩ አይቶ የሚያምነው ነገር ይሰጠዋል? የመጀመሪያው ዓይነት ሕግ አይጥመኝም። ሁለተኛው ዓይነት ይጥመኛል።

አንደኛው አማራጭ፦ ፍጥነቱን መገደብ

ይህ ሐሳብ በ2014 ከሕግ ደጃፍ ደርሶ ተመልሷል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው የኤን ሲ ዶብል ኤ የፉትቦል ሕግ ኮሚቴ ፌብሩዋሪ ላይ እንዲህ አለ፦ መቁጠሪያው ከጀመረ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ተከላካዩ ሰው የሚቀይርባቸው ይሁኑ። አጥቂው መቁጠሪያው 29 ሳይደርስ ኳስ ካነሳ 5 ያርድ ይቀጣ። ከእያንዳንዱ አጋማሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በስተቀር።

ለምን እንደተፈለገ ለመረዳት አንድ ተከላካይ ልጅ አስቡ። 150 ኪሎ ይመዝናል። ሥራው መሀል ላይ እንደ ግንብ መቆም ነው። ለሦስትና ለአራት ሙከራ ማንም አያልፈውም። አጥቂው ሰው ከቀየረ ዳኛው ኳሷ አጠገብ ቆሞ ለተከላካዩም የመቀየሪያ ጊዜ ይሰጠዋል። አጥቂው ሰው ካልቀየረ ግን ያ ልጅ ወጥመድ ውስጥ ገባ። በየ15 ሰከንዱ ኳሷ ትነሳለች። ስድስተኛው ሙከራ ላይ እጁ ወገቡ ላይ ነው። ስምንተኛው ላይ አፉን ከፍቶ ወደ አሰልጣኞቹ ያያል። ሮጦ ልውጣ ቢል፣ ተቀያሪው ገብቶ እሱ ሳይወጣ ኳሷ ትነሳና ሜዳ ላይ 12 ሰው ተብሎ (የሚፈቀደው 11 ነው) ቡድኑ ይቀጣል። ቢቆይ ደግሞ ሯጩ በጎኑ ያልፋል፣ እሱም ዞር ብሎ ያየዋል።

ሴባንና የያኔው የአርካንሳ አሰልጣኝ ብሬት ቢለማ ኮሚቴው ፊት ይህን አቤቱታ ይዘው ቀረቡ። ችግሩ ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ሊለወጥ የሚችለው የተጫዋች ደህንነትን የሚመለከት ሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ የደህንነት ካባ ለብሶ መጣ፦ ሙከራ ሲበዛ ጉዳት ይበዛል ተባለ። የኦበርኑ ገስ ማልዛንና የአሪዞናው ሪች ሮድሪጌዝን የመሰሉ ፈጣን ቡድን ያላቸው አሰልጣኞች ጮኹ። ማስረጃው የታለ አሉ። ሮድሪጌዝማ የቀልድ ቪዲዮ ሁሉ አሠርቶ ለቀቀ። ማርች መጀመሪያ ላይ፣ ሐሳቡ ለመጨረሻ ድምፅ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ኮሚቴው ራሱ አነሳው።

ቅያሪን በሕግ ማሰር አዲስ ነገር አይደለም። ከ1953 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የኮሌጅ ተጫዋች እንደልብ እንዳይቀየር ተከልክሎ፣ ያው ልጅ ያጠቃም ይከላከልም ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ክልከላው ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ቅያሪን የነካ ሁልጊዜም ጨዋታውን ከሥሩ ነክቷል።

የእኔ ፍርድ? ሐሳቡ መውደቁ ደግ ሆነ። ፍጥነት የትንሽ ትምህርት ቤት መሣሪያ ነው። አላባማ 150 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አምስት ቢኖረው ሌላው አንድ አለው። ያ አንዱ ያለው ቡድን ትልቁን ማድከሚያ ብልሃት ሲያገኝ ሕግ መጥቶ ይንጠቀው ማለት አይዋጥልኝም። ደግሞ ሴባንን ተመልከቱት። ያ ክርክር ሳይሞቅ፣ ጃንዋሪ 2014 ላይ፣ ሌን ኪፈንን የአጥቂ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጥሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አላባማ ራሱ ፈጣን ሆነ። በ2019 41 ነጥብ አግብቶ የተሸነፈው ያ ቡድን ነው። ሰውየው ሕጉን ማስቀየር ሲያቅተው ቡድኑን ቀየረ።

ከ2024 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ቀለል ብሏል። በከፍተኛው ምድብ ከአጥቂም ከተከላካይም ሜዳ ላይ ያለ አንድ ተጫዋች ሄልሜቱ ውስጥ የአሰልጣኙን ድምፅ ይሰማል። መቁጠሪያው 15 ሲደርስ ድምፁ ይቋረጣል። ድሮ ተከላካዩ ትእዛዝ ለመቀበል አንገቱን አጣሞ ዳር ሲያይ ኳሷ ትነሳበት ነበር። አሁን ፊቱን ሳያዞር ይሰማል። የማንንም እግር ያላሰረ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ሦስቷ ያርድ

የኔ ጉዳይ ይሄ ነው፦ ኳሷ ሳትወረወር የአጥቂው የፊት ሰዎች ወደ ፊት ሊሄዱ የሚፈቀድላቸው ርቀት።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል ላይንባከር ነው፣ ከተከላካዮቹ የፊት መስመር ኋላ የሚቆም ተከላካይ። አንድ እሁድ እናቱ ቡና አፍልታ ሁለተኛውን ልትቀዳ ስትል ባዶ ሲኒዎቹን ከረከቦቱ አነሳ። "አጎቴ፣ ና ላሳይህ" አለኝ። አምስት ሲኒ ደረደረ። "እነዚህ የአጥቂው ላይንማኖች ናቸው፣ ከፊት ተደርድረው መንገድ የሚከፍቱት።" ከኋላቸው የሲኒ ማስቀመጫ አስቀመጠ፣ ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ መሆኑ ነው። አንዲት የቡና ፍሬ ኳስ ሆነች። ፊት ለፊት የስኳር ዕቃውን አኖረ። "ይሄ እኔ ነኝ።"

"እኔ የማየው ሲኒዎቹን ነው" አለ። "ኳሱን አይደለም። ወደ ፊት ከመጡ ሩጫ ነው፣ ሮጬ እገባለሁ። ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ሊወረውር ነው፣ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የተማርኩት ይሄን ነው።" ከዚያ ሲኒዎቹን በአንድነት ወደ ፊት ገፋቸው። የስኳር ዕቃው ሩጫ ነው ብሎ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። በዚያች ቅጽበት ልጁ የቡናዋን ፍሬ አንስቶ በስኳር ዕቃው አናት ላይ ወረወራት፣ ስኳር ዕቃው ትቶት የመጣው ቦታ ላይ አረፈች። "አሁን የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?"

እናቱ ከጓዳ "ሲኒውን ስበረውና ጥፋትህን ታያለህ" አለች።

ጥፋት የለበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ላይንማን ኳስ መቀበል አይፈቀድለትም። ኳሷ ወደ ፊት የምትወረወር ከሆነ ደግሞ ከመወርወሯ በፊት ኳሷ ከተነሳችበት መስመር ወደ ፊት ብዙ መራቅ የለበትም። "ብዙ" ስንት ነው? በኤን ኤፍ ኤል፣ በባለሙያዎቹ ሊግ፣ 1 ያርድ። በሃይስኩል 2 ያርድ። በኮሌጅ 3። ሕጻናቱ የሚጫወቱበት ሕግ ከኮሌጁ የጠበቀ ነው ማለት ነው፣ ይህን ስሰማ እኔም ገርሞኛል። ሦስት ያርድ ለሰው እግር ሁለትና ሦስት እርምጃ ነው። ሁለት እርምጃ ሙሉ የሩጫ ምልክት እየሰጡ መወርወር ይቻላል። ኳርተርባኩ ላይንባከሩን አይቶ ነው የሚወስነው። ገባ? ይወረውራል። ቆመ? ለሯጩ ይሰጣል። ላይንባከሩ የፈለገውን ቢመርጥ ተሳስቷል።

በኖቬምበር 30 ቀን 2013 የኦበርንና የአላባማ ግጥሚያ ሁሉም የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሰከንድ ነው፣ የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ አላባማ መትቶ የሳታትን ኳስ ከሜዳው ጫፍ ይዞ እስከ ጫፍ የሮጠባትን። እኔ ግን ከዚያ በፊት 32 ሰከንድ ሲቀር የሆነውን ነው መልሼ የማየው። የኦበርኑ ኳርተርባክ ኒክ ማርሻል ኳሷን ይዞ ወደ ግራ ሮጠ። ሲሮጥ የከረመ ልጅ ነውና ተከላካዩ አመነውና ወጣበት። ማርሻል መስመሩ ጋ ሲደርስ ኳሷን ብድግ አድርጎ ለሳሚ ኮትስ ወረወረለት። ኮትስ ብቻውን ቆሟል። 39 ያርድ፣ ተችዳውን፣ 28 ለ 28። እዚያች ላይ ባይስተካከሉ ያ ታላቅ ሩጫም አይኖርም ነበር።

በ2015 ሦስቷን ያርድ ወደ አንድ የማውረድ ሐሳብ ቀረበ። አልጸደቀም። የተቃዋሚዎቹ ነገርም ከንቱ አይደለም። አንድ ያርድ ከሆነ፣ ፊቱ ያለውን ሰው በጉልበቱ ገፍቶ ወደ ኋላ የወሰደ ላይንማን በሥራው ሊቀጣ ነው ይላሉ። ጎበዝ ስለሆነ ሊቀጣ። በሩጫ ላይ የተመሠረቱ ቡድኖችም ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ። እውነት አላቸው።

ግን የዳኛውን ዓይን አስቡት። አምስት ላይንማን አለ። ኳሷ የተለቀቀችባትን ቅጽበት ማየት አለበት፣ በዚያችው ቅጽበት አምስቱም የት እንደነበሩ ማወቅ አለበት። ሦስት ያርድ የሚባል መስመር ሜዳው ላይ አልተቀባም። ስለዚህ በሦስት ይፈቀድ ሲባል በተግባር አራትና አምስት ያልፋል። የእህቴ ልጅ ቡድን ባለፈው ወቅት አንድ ግጥሚያ የተሸነፈው እንዲህ ነው። የተጋጣሚው ላይንማን እንኳን ሁለት ያርድ፣ አልፎ ከእህቴ ልጅ ደረት ጋር ተላትሞ ነበር። ፊሽካ የለም። አንድ ቢባል ደግሞ ሁለት ያልፋል፣ ሁለት ማለት ደግሞ ልጁ ሲኒዎቹን አይቶ ሊያምናቸው የሚችልበት ርቀት ነው።

አጨዋወቱን ይገድለዋል የሚለውን ግን አልቀበልም። ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ያለው አንድ ያርድ ብቻ ነው፣ ሆኖም የፊላደልፊያ ኢግልስ በ2017ቱ የውድድር ዘመን ይህንኑ አጨዋወት በብዛት እየተጠቀሙ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ በልተዋል። አይሞትም። ኳርተርባኩ ፈጠን ብሎ መወሰን ይኖርበታል፣ ይኸው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ፓስ ተቀባይን መያዝ ወይም መግፋት። በኮሌጅ ቅጣቱ ቢበዛ 15 ያርድ ነው፣ ከአዲስ 4 ሙከራ ጋር። በኤን ኤፍ ኤል ጥፋቱ እስከተፈጸመበት ቦታ ድረስ ይወስዳል፣ 40 ያርድም ቢሆን። ኮሌጁ ለተከላካዩ ያዳላል። በሩጫ የተበለጠ ተከላካይ "15ቱን ልክፈል" ብሎ ማሊያ ቢጎትት ያዋጣዋል። እኔ እንዳለ ይቆይ ባይ ነኝ። ለአጥቂው ብዙ ነገር ሰጥተነዋል፣ ይቺን እንኳ ለተከላካዩ እንተውለት።

የሰዓቱ ለውጥ። እስከ 2022 ድረስ አዲስ 4 ሙከራ በተገኘ ቁጥር ሰዓቱ ለአፍታ ይቆም ነበር። ከ2023 ጀምሮ ይሮጣል፣ ከየአጋማሹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ በቀር። ብዙ ሰው ይህን ከማመጣጠን ጋር ያያይዘዋል። አያገናኘውም። ሙከራ ይቀንሳል፣ ነጥብም ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን የእያንዳንዱን ሙከራ ሚዛን አይነካም። ሸክሙን ቀለል ማድረግ ሌላ፣ ሚዛኑን ማስተካከል ሌላ።

ታርጌቲንግ፣ ማለትም የተጋጣሚን ጭንቅላት ዒላማ አድርጎ መምታት፣ ከ2013 ጀምሮ ከሜዳ ያስወጣል። በብዛት የሚጎዳው ተከላካዩ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን። የልጅ ጭንቅላት የሚደራደሩበት ነገር አይደለም።

ጭማሪው ደግሞ ለብቻው ነው። በኮሌጅ አጥቂው ከግቡ መስመር 25 ያርድ ላይ ስለሚጀምር ለአጥቂ የተሠራ ይመስላል። በ2018 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኤል ኤስ ዩን በሰባት ጭማሪ 74 ለ 72 ሲያሸንፍ ሰው ሁሉ በቃ አለ። አሁን ከሦስተኛው ጭማሪ ጀምሮ ከ3 ያርድ ላይ አንድ አንድ ሙከራ ብቻ ነው። እና ምን ሆነ? በ2021 ኢሊኖይና ፔን ስቴት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ጭማሪ ድረስ ሦስት ያርድ መሄድ አቃታቸው። ዘጠነኛው ላይ ኢሊኖይ 20 ለ 18 አሸነፈ። ተከላካይ ሞቷል ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ። ካልበቃው በ2022 አይዋ ደቡብ ዳኮታ ስቴትን ያሸነፈበትን 7 ለ 3 እጨምርለታለሁ። ሰባቱ ነጥብ ከአንድ ፊልድ ጎል (በእግር የሚገኝ 3 ነጥብ) እና ተከላካዩ አጥቂውን በራሱ የግብ ክልል አስቁሞ ካገኛቸው ሁለት ሴፍቲዎች (እያንዳንዱ 2 ነጥብ) የመጣ ነው።

ተከላካዩም ቢሆን ቅዱስ አይደለም

ለተከላካይ ሕግ ይድረስለት ስንል አንድ ነገር አንርሳ። እሱም ሌባ ነው። ፍጥነቱ ሲያስጨንቀው መውደቅ ተማረ። ጤነኛ ልጅ ወደ አሰልጣኞቹ ቀና ይላል፣ ምልክት ያያል፣ ድንገት ጡንቻው ይሸማቀቅና ሣሩ ላይ ይዘረጋል። ጨዋታው ይቆማል፣ ጓደኞቹ ውሃ ይጠጣሉ። እሱ አንድ ሙከራ ዳር ቆሞ እንደ አዲስ ይመለሳል። ደጋፊው ይጮኻል፣ ግን ማን ዋሸህ ይለዋል? ዳኛ ሐኪም አይደለም።

የ2025ቱ ሕግ ይህን በብልሃት ፈታው። ኳሷ ለሚቀጥለው ሙከራ ከተቀመጠች በኋላ ወድቆ ሐኪም ካስገባ ቡድኑ አንድ ታይምአውት (ጨዋታ የማስቆም ዕድል) ይቆረጥበታል። ታይምአውት ካለቀበት 5 ያርድ ይቀጣል። ዳኛው ልብ መመርመር አይጠበቅበትም፣ ኳሷ ተቀምጣለች ወይስ አልተቀመጠችም ብሎ ያያል፣ አለቀ። በእኔ ሁለት ጥያቄ ከመዘንነው ከሁሉም አንደኛ የሚወጣው ይሄ ነው።

ሌላ ደግሞ ኦሪገን አለ። ኦክቶበር 12 ቀን 2024፣ ኦሃዮ ስቴትን 32 ለ 31 እየመራ 10 ሰከንድ ቀርቶታል። ተከላካዩ 12 ሰው አሰለፈ። ውርወራው ሳይያዝ ቀረ፣ 4 ሰከንድ አለቀ። ቅጣቱ 5 ያርድ ነበር። ያለቀው 4 ሰከንድ ግን አልተመለሰም። ኦሃዮ ስቴት 6 ሰከንድ ይዞ ቀረና ግጥሚያው እዚያው አለቀ። የኦሪገኑ አሰልጣኝ ዳን ላኒንግ በኋላ ሲጠየቅ ነገሩ ድንገት እንዳልነበር ፍንጭ ሰጠ። በቀናት ውስጥ ኤን ሲ ዶብል ኤ አተረጓጎሙን ቀይሮ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች እንዲህ ከተደረገ አጥቂው ሰዓቱን ማስመለስ ይችላል አለ። መቼም ብልህ ነው። እኔ አሰልጣኝ ብሆን እኔም አደርገው ነበር፣ ሕጉን ግን እንደዚያው መተው አይቻልም።

እንግዲህ የትኛውን?

የምትደግፉት ቡድን ትንሽ ከሆነና ትልልቆቹን በፍጥነት የሚያደክም ከሆነ፣ አንደኛውን አማራጭ ከሩቁ ሽሹት። ተመልሶ ቢመጣም በሌላ ካባ ነው የሚመጣው፣ እወቁት። ቡድናችሁ ግዙፍ ተከላካዮች ያሉት ባለጸጋ ከሆነ ደግሞ ሐሳቡ ይጥማችኋል፣ አልፈርድባችሁም።

ልጃችሁ ተከላካይ ሆኖ የሚጫወት ከሆነ ከእኔ ጋር ናችሁ። አንድ ያርድ በሉ። አንድ ከበዛ ሁለት፣ እንደ ሃይስኩሉ። ሩጫ ላይ የቆመ ቡድን ደጋፊ ከሆናችሁ ሦስቷን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ግን ዳኞቹ ሦስቷን ራሷን እንዲፈርዱ ጠይቁ። ይህን እንኳ ብናገኝ ግማሽ መንገድ ነው።

ገና ካልወሰናችሁ በሚመጣው ቅዳሜ ለአምስት ሙከራ ያህል ኳሷን ተዉት። ዓይናችሁን ከኳርተርባኩ ፊት ቆሞ ኳሷን ወደ ኋላ ከሚሰጠው ሰው በስተቀኝ ባለው ላይንማን እግር ላይ ጣሉ። ሜዳው ላይ በየያርዱ አጫጭር ነጭ ጭረቶች አሉ፣ ቁጠሯቸው። ኳሷ ስትለቀቅ እግሩ የት ደረሰ? የእህቴ ልጅ ይህን ሲያደርግ ጣቱን እየዘረጋ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ባለፈው ቅዳሜ አራት ላይ ደርሶ ነበር፣ አስተያየት ሰጪው ደግሞ ስለ ኳርተርባኩ ክንድ እያወራ ነበር።